አጎቴ በስሜ ያደረሱት ሰላምታ

ታናሽ እህቴ የበደለችኝ እናታችን ባረፈች ዓመት ነው። የእናታችንን የአንገት መስቀል ሳትጠይቀኝ ይዛ ሐዋሳ ገባች። ከዚያ ወዲህ አላነጋገርኳትም።

ደብረ ማርቆስ ቀርቼ አጎታችንን እስከ መጨረሻው የጦርሁ እኔ ነኝ። ለእኔ "እራት ደረሰ ወይ?" ከማለት የማያልፉት ሰው ለእሷ ኢሜይል በሁለት ጣት ሲጽፉ ያመሹ ነበር። እቀና ነበር፤ አሁንም እቀናለሁ።

አጎታችን አርፈው አርባቸው ሲወጣ እህቴ ደወለች።

"እትዬ፣ የጋሼ ኢሜይሎች ከእኔ ዘንድ ጠፍተዋል። ከአሮጌ ኮምፒውተራቸው ይወጡ እንደሆነ አስሞክሪልኝ። ያንቺንም ሰላምታ ደግሜ ላንብበው።"

የምን ሰላምታ እንደሆነ አልገባኝም። ሃርድ ዲስኩን አስፈትቼ ኮምፒውተር ጠጋኝ ዘንድ ወሰድሁት፤ መልእክቶቹን አውጥቶ ከፈተልኝ። ስለ ጉልበታቸው ሕመም፣ ስለ ፍርሃታቸው፣ ለእኔ ያልነገሩኝን ሁሉ ለእሷ ነግረዋታል። የሁሉም መጨረሻ ግን አንድ ነው፦ "እህትሽ ሰላም ብላሻለች፤ በጣም ናፍቀሻታል።"

አንድም ቀን እንዲህ በሉልኝ አላልኳቸውም። ሳይላኩ ሰላምታ ማድረስ ልማዳቸው ነበር፤ ገበያ ያገኙትን ዘመድ ሁሉ "ቤተሰቡ ሰላም ብሎሃል" ሳይሉ አያልፉም። አሁን በእኔ ስም ሰላም የሚልልኝ ሰው የለም።

መልእክቶቹን በፍላሽ አስገልብጬ ላክሁላት። ሰላምታው የእኔ እንዳልሆነ አልነገርኳትም።