አልኮል የተረጨበት ሰርዶ

በአሰላ ለብዙ ዓመታት አዲስ ባጃጅ ሸጫለሁ። ከዩኒቨርሲቲ ዘመኔ ጀምሮ ሁሉን በደንቡ የመሥራት ልማድ ስለነበረኝ፣ የወረርሽኙ ክልከላ ሲታወጅ በሱቄ ደጃፍ ገመድ የወጠርሁ የመጀመሪያው ሰው ሳልሆን አልቀርም። የአልኮሉም ጠርሙስ ከእጄ አይለይም ነበር።

ባጃጅ አንድ ተሳፋሪ ብቻ ይጫን በተባለበት ወቅት ማን ባጃጅ ይገዛል? ሦስቱ ባጃጆቻችን የመቀመጫቸው ላስቲክ ሳይገፈፍ ክረምቱ ገባ። ከእኔ ጋር ያረጀው መካኒክ በየማለዳው ሞተራቸውን አስነሥቶ ጥቂት ያዳምጥና ያጠፋል፤ ሌላ ሥራ አልነበረውም። አንድ እንኳ ካልተሸጠ ሱቁ እንደሚዘጋ ሁለታችንም እናውቃለን።

ክልከላው ላላ ባለ ሰሞን አንድ ገበሬ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ከኦጎልቾ መጣ። ሞተሩን አዳመጡ፤ በዋጋውም ተስማማን። የቀረው ምርቃቱ ነበር። ከገጠር የሚመጣ ገዥ ቁልፉን ከመረከቡ በፊት ሽማግሌው እርጥብ ሰርዶ ይዘው ይመርቃሉ፤ ሻጩም ሰርዶውን በእጁ ተቀብሎ መሪው ላይ ያስራል። ሽማግሌው መርቀው ሲያበቁ ሰርዶውን በገመዱ ላይ አሻግረው ዘረጉልኝ። እኔ ግን ጠርሙሴን አንሥቼ ሰርዶው በእጃቸው እንዳለ አልኮል ረጨሁበት።

«ሳርም ይታመማል እንዴ፣ ኦቦ?» አሉኝ።

መካኒኩ ሳቀ። ሽማግሌው አልሳቁም።

«ደንብ ነው፣ አባቴ» አልሁ።

«ምርቃት በመድኃኒት የሚታጠብበት ቤት ገብቼ አላውቅም።»

ሰርዶውን ገመዱ ላይ አንጠልጥለው ወጡ። ገበሬው ባጃጁን ዞር ብሎ እያየ ተከተላቸው።

መካኒኩ እስከ አስፋልቱ ሮጦ ለመናቸው፤ ብቻውን ተመለሰ።

«ጋሼ፣ ተቀብለው ሲያበቁ እጅዎን ቢታጠቡስ ኖሮ?»

ያን ያህል ቀላል ነበር። እኔ አልታየኝም።

ሌላ ገዥ አልመጣም። በጥቅምት ሱቁ ተዘጋ፤ ሦስቱን ባጃጆችም የሌላ ከተማ ነጋዴ በአይሱዙ ጭኖ ወሰዳቸው። መካኒኩ አሁን ዴራ ላይ፣ መንገድ ዳር፣ ጎሚስታ ሆኖ ጎማ ይለጥፋል። በቅርቡ በዚያ ሳልፍ ከመኪና ወርጄ እጄን ዘረጋሁለት። የእርሱ እጅ በጎማ እድፍ ጠቁሯል።

«እንዳላቆሽሽዎ፣ ጋሼ» ብሎ ክንዱን አቀረበልኝ።

እጁን ነበር የፈለግሁት። ክንዱን ጨብጬ ተመለስሁ።