ለዶክትሬት መግደርደር

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ላይ፣ አትላንታ ሚድታውን ውስጥ የሦስት መኪና ማቆሚያዎች ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ስሙ ያምራል። ሥራው ግን ገንዘብ ተቀባይ ሲቀር እሱን ተክቶ በሩ ላይ ባለችው የመስታወት ክፍል ውስጥ መቀመጥ ነው። ገንዘብ ተቀባዮቹ አብዛኞቹ እንደ እኔ በሱዳን በኩል የመጡ የአገር ልጆች ነበሩ፤ ማታ የማይማር አልነበረም። እኔም ማኔጅመንት እማር ነበር፤ ሁለተኛ ዲግሪዬን ልጨርስ የቀረኝ አንድ ሴሚስተር ነው።

በዚያ ሴሚስተር ስለ ራሳችን ሥራ አንድ ጽሑፍ አቀረብኩ። ከሦስቱ ማቆሚያዎች በአንዱ፣ የአገር ልጆች ብቻ በሚሠሩበት፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የሺፍት ሰንጠረዥ የሚያየው ሰው አልነበረም። የታመመ ላልታመመው ይደውላል፣ ፈተና ያለበት ፈተና የሌለበትን ይለምናል፤ ክፍሏ ግን ባዶ ሆና አታውቅም። ሰው የሚጠፋው ሰንጠረዡ በሚከበርባቸው በሁለቱ ነበር። ለምን እንደሆነ አላወቅኩም፤ ጥያቄውን ብቻ ጽፌ ሰጠሁ።

ፕሮፌሰሩ ቢሮው አስጠራኝ። ሽበታም፣ ረጅም፣ ንግግሩ የማይንዛዛ ሰው ነው። ጽሑፌን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ፣ «ይህ የዶክትሬት ጥናት መነሻ ነው» አለኝ። በመጪው መስከረም ለሚጀምረው ፕሮግራም አብሮት የሚሠራ አንድ ተማሪ እንደሚፈልግ፣ ቦታውን ለእኔ ቢሰጠኝ ደስ እንደሚለው ነገረኝ። «ትፈልጋለህ?»

በጣም ነበር የፈለግኩት። አፌ ግን ያደገበትን ተናገረ። «አይ፣ ይህ ለእኔ ይበዛል» አልኩ፣ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ።

ወጋችን ይታወቃል። ሰው ቤት ገበታ ሲቀርብ መጀመሪያ «በልቼ ነው የመጣሁት» ይባላል። ባለቤቱ «በሞቴ» ይላል። «ኧረ በቃኝ» ይባላል። «አፈር ስሆን» ይላል። ከዚያ እጅ ይታጠባል። በመጀመሪያው ጥሪ እጁን የሚዘረጋ ሰው አሳዳጊ የበደለው ነው። እኔም የድርሻዬን ብዬ ባለቤቱን መጠበቅ ጀመርኩ።

ፕሮፌሰሩ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። «ግልጽ ስለሆንክልኝ አመሰግናለሁ፤ ብዙ ሰው ይህን ለማለት አይደፍርም» አለና ተነስቶ ጨበጠኝ። ኮሪደሩ ላይ ቀስ እያልኩ ሄድኩ። የመጠጥ ውሃው ቧንቧ ጋ ቆሜ ሳልጠማ ጠጣሁ። የጠራኝ የለም። ሲግደረደሩ ጦም ማደር የሚሉት ይህ ነው።

ዲኬተር ያለው አፓርትማችን ስደርስ ባለቤቴ ከሆስፒታል ሥራዋ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች ነበር። የሆነውን ነገርኳት።

«ስንት ጊዜ ጠየቀህ?»

«አንዴ።»

«እና ኖ አልከው?»

«ኖ አላልኩም። ለእኔ ይበዛል ነው ያልኩት።»

«ሰውዬ! እዚህ አገር እኮ በሞቴ የሚል የለም። ነገ ደውልና አፖይንትመንት ያዝ።»

አልደወልኩም። ኩራት ነው ብል ራሴን ማሳመር ይሆናል፤ አፍሬ ነው። ደግሞ ውሎ ሲያድር፣ ምናልባት እውነቱን ተናግሬ ይሆናል ማለት ጀመርኩ። ሠላሳዎቹን አጋምሻለሁ፤ እንግሊዝኛዬ ስናደድ ይጠፋል፤ ዶክተር ተብሎ ታክሲ የሚነዳ ሰውም አውቃለሁ። ምክንያት ለፈለገ ሰው ምክንያት አይጠፋም።

በዚያው ሳምንት አለቃዬ ጠራኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ደንዉዲ ላይ አዳዲስ የቢሮ ሕንጻዎች እየተነሱ ነው፣ ኩባንያው ማቆሚያዎቻቸውን ይዟል፣ ሥራ አስኪያጅ ይፈልጋል። «ትወስደዋለህ?» አለኝ። «እወስደዋለሁ» አልኩ። እንዲሁ፣ ሳላቅማማ፣ አሳዳጊ እንደበደለው።

ይህን ቤት ገብቼ ሳወራ የባለቤቴ አጎት ጣልቃ ገቡ። አብረውን ነው የሚኖሩት፤ ከመጡ ገና ዓመት አልሞላቸውም። አገር ቤት ሲያስታርቁና ሲያጋቡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እንግሊዝኛ አይችሉም፣ ስለ ዶክትሬትም ብዙ ግድ የላቸውም።

«ልጄ፣ ለዚህኛውስ ለምን አልተግደረደርክም?» አሉኝ።

«ለየትኛው፣ አባባ?»

«ለመኪናው ሥራ።»

«እንጃ።»

«የሚግደረደረው የራበው ነው» አሉ። «ያልራበውማ ለወጉ ቀምሶ ይነሳል።»

ተናደድኩ። እንደዚያ በቀላሉ ስታወቅ አልወድም።

እሳቸው አልጨረሱም። «ሰውዬው ጋ ሽማግሌ እንላክ» አሉ። «እኔ አለሁ፤ ከቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሁለት ሰው አናጣም። ሰውዬው የሚያከብረው ማንን ነው?» ባለቤቴ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔ ግን ሦስት ሽማግሌዎች በጋቢያቸው ተደርድረው የፕሮፌሰሩ ጸሐፊ ፊት ሲቀመጡ ታየኝ። ከዚያስ ራሴ ብሄድ ይሻላል አልኩ። አጎት እሺ ያሉት አብረውኝ እንዲመጡ ስፈቅድ ነው።

በባቡር ሄድን። እሳቸው ካፖርታቸውን ለብሰው ሕንጻው በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጡ፤ እኔ ገባሁ። ለፕሮፌሰሩ ቦታውን እንደምፈልገው፣ ያን ቀንም እፈልገው እንደነበር ነገርኩት። ስለ ገበታው ወግ ላስረዳው ሞክሬ መሃል ላይ ተውኩት። ሰማኝ፤ አዘነም። «ለሌላ ተማሪ ሰጠሁት እኮ» አለኝ። «አልፈልግም ያልከኝ መስሎኝ።»

ስወጣ አጎት ከወንበራቸው ተነሱ። «ምን አለህ?»

«አይሆንም አለኝ። ለሌላ ሰጥቶታል።»

ፊታቸው በራ። «ደግ ነው።»

«ምኑ ነው ደጉ?»

«ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ ተብሎ ያውቃል? ሂዱ፣ እንመካከርበት፣ ሌላ ቀን ተመለሱ ነው የሚባለው። የዛሬ ሳምንት እንመጣለን።»

የዚህ አገር አይሆንም የምር አይሆንም መሆኑን ላስረዳቸው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ተውኩት። በወግ ምክንያት ቦታውን ካጣሁ አይቀር፣ በወግ ብመለስ ምን ይጎድልብኛል?

በሳምንቱ ተመለስን። ፕሮፌሰሩ በሩ ላይ ሲያየኝ ግራ ቢገባውም ተቀመጥ አለኝ። ስለ ሰንጠረዡና ስለ አገር ልጆቹ፣ ሳልጽፈው የቀረውን ሁሉ ነገርኩት። አንዱ የሌላውን ሺፍት የሚሸፍነው አለቃ ፈርቶ ሳይሆን ነገ እሱም እንደሚለምን ስለሚያውቅ ይሆን እንዴ አልኩት። እስክሪብቶ አንስቶ አንድ ነገር ጻፈ። በመጨረሻ፣ «ለሚቀጥለው ዓመት አመልክት» አለኝ። «ቃል አልገባልህም። ማመልከቻህን ግን እኔ ራሴ አነበዋለሁ።»

ይህን ለአጎት ስተረጉምላቸው፣ «እንግዲህ ቀን ቆረጡልን» አሉና ባርኔጣቸውን አጠለቁ።

ከሰዓት በኋላ አለቃዬ ጋ ገብቼ የደንዉዲውን ሥራ እንደማልወስደው ነገርኩት። እዚያ ከሄድኩ ከአገር ልጆቹ ርቄ ማመልከቻውንም እንደምተወው ገብቶኛል። በእጄ ያለው አንድ የፈረንጅ «አነበዋለሁ» ብቻ ነበር። ባለቤቴ የተመኘችው ግቢ ያለው ቤት አብሮ እንደሚቀር አውቃለሁ፤ እሷም ይህን አውቃ ነው ወደ ፕሮፌሰሩ ሂድ ያለችኝ። ፈርቻለሁ።

አለቃዬ ወንበሩን ስቦ ቀረበኝ። «እርግጠኛ ነህ? እስኪ አስብበት» አለኝ። ቢሮዬ መስኮት እንደሚኖረው፣ የኩባንያ መኪና እንደሚሰጠኝ ነገረኝ። ቀጥሎም፣ «እንፈልግሃለን፣ እባክህ» አለ። እዚህ አገር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ደጋግሞ የለመነኝ ፈረንጅ እሱ ብቻ ነው።

«በቃኝ» አልኩት። ይህን ቃል የምሬን ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር።