መርዶ ያልመጣለት ሰው

ፌርፋክስ በሚባለው የባህር ማዶ የሐበሻ ሰፈር፣ ከአንድ ምግብ ቤት ፎቅ፣ በአንዲት ጠባብ ቢሮ፣ ለፊልም የአማርኛ ሰብታይትል፣ ማለትም ከሥር የሚነበበውን ትርጉም፣ መጻፍ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ጋሽ መኮንን ሥራውን ባጭሩ አስረዱኝ። «ከሁለት መስመር አይብለጥ። ተመልካቹ አንብቦ ሳይጨርስም እንዳይጠፋበት።» ቀላል መሰለኝ። ያን ትዕቢቴን ሳስበው ዛሬም አፍራለሁ።

በሦስተኛው ወር የፖላንድ ፊልም መጣ። ፖላንድኛ የሚችል ስላልነበረን የምንተረጉመው ከእንግሊዝኛው ነው። ባሏ ከጦርነት ያልተመለሰ ሴት አለች፤ የሚወዳት ሌላ ሰው አለ። የገና ዋዜማ ራት ላይ አንድ ትርፍ ሰሃን ታቀርባለች። ሰውየው የማን እንደሆነ ሲጠይቃት «የሱ ነው» ትለዋለች። እኔ የተዝካር አገር ልጅ፣ ለሙት የቀረበ መሰለኝና «ለነፍሱ ነው» ብዬ ጻፍኩ። እንዲያውም ኮራሁበት።

ጽሑፉን የሚያርሙት እትዬ ሰናይት ነበሩ። ባለቤታቸው ግንባር ሄደው የደረሱበት አልታወቀም። የምግብ ቤቱን ፓርኪንግ የሚጠብቁት ጋሽ ተፈራ እትዬን እንጋባ ማለት ከጀመሩ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። የእትዬ መልስ ግን አንድ ነው፤ «መርዶ ሳልሰማ?» ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።

እዚያ ቦታ ሲደርሱ ፊልሙን አቁመው ሄድፎናቸውን አወለቁ።

«መርዶውን ማን ነገራት?» አሉኝ።

«እትዬ፣ ያው ሞቷል ብዬ ነው።»

«እሷ ሞቷል አላለችም። የቀበርከው አንተ ነህ።»

ላርመው ፋይሉን መልሼ ከፈትኩ።

ጋሽ መኮንን ቸኩለዋል። «ነገ እኮ ነው የምናሳየው። ሶ፣ ማንም ኖቲስ አያደርገውም፤ ሴንድ አድርገው» አሉኝ።

«እትዬ ኖቲስ አድርገዋል» አልኳቸው።

ተነጫነጩ፤ ቢሆንም «የሱ ነው» ብዬ አስተካከልኩት።

ፊልሙ ምግብ ቤቱ ውስጥ ሲታይ ጋሽ ተፈራ ከእትዬ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። «የሱ ነው» የሚለው ስክሪኑ ላይ ወጣ። የፊልሙ ሰውዬ ሰሃኑን ሳይነካ ወንበር ስቦ ከማዶ ተቀመጠ። እትዬ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ስንወጣ ጋሽ ተፈራ በሩ ላይ ቆም ብለው፣ «ሰናይት፣ ከእንግዲህ መርዶ እስክትሰሚ አልጠብቅም። የሱ ሰሃን ባለበት ይቀመጥ፤ እኔ ከማዶ እቀመጣለሁ» ሲሏቸው ሰማሁ። እትዬ ቦርሳቸውን እንዲይዙላቸው ሰጧቸው፤ ጎን ለጎንም ሄዱ።

ከዚያ በኋላ በሠራሁበት ዘመን ሁሉ ሰው ያላለውን ጨምሬ ጽፌ አላውቅም። ፊልሙ ያልቀበረውን ሰው ተርጓሚ አይቀብረውም።