ሎጊያ ላይ ልፈታት ስል

ካምሻፍቱን ራሴ ልቀይር ወይስ ለመካኒክ ልስጥ እያልኩ ሳመነታ ትዳሬ ሊፈርስ ምንም አልቀረውም ነበር። ጥፋቱ የሞተሩ አልነበረም፤ የአፌ ነው።

ከጅቡቲ ጭኜ ስመለስ፣ ዲቾቶን እንዳለፍኩ ሞተሩ ቋ ቋ ይል ጀመር። እንደምንም ሎጊያ ደረስኩ። የማውቀው መካኒክ የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ።

«ካምሻፍቱ ተበልቷል» አለኝ፤ ቫልቮቹን በየሰዓታቸው የሚከፍተውን ዘንግ ማለቱ ነው።

«መቼ ትሠራልኛለህ?» ስለው ከፊቴ የተሰለፉትን ሦስት መኪኖች በአገጩ አሳየኝ። «አራት ቀን ታገስ።»

አራት ቀን! እኔ ደግሞ ትዕግሥት ሲታደል ተኝቼ የነበርኩ ሰው ነኝ። ስልኬን ከፈትኩና አንድ ፈረንጅ ካምሻፍት ሲቀይር የሚያሳይ ቪዲዮ አገኘሁ። የጋራዡ ወለል እኛ ከምንበላበት ሳህን ይጸዳል። ሰውዬው በሩብ ሰዓት ፈትቶ፣ ቀይሮ፣ ገጥሞ፣ እጁን ጠራረገ። መሃል ላይ ስንት ቀን ተቆርጦ እንደወጣ ማን ያስባል? እሱ በሩብ ሰዓት ከጨረሰ እኔ በአንድ ቀን የማልጨርስበት ምክንያት አልታየኝም።

ሐሳቤን ለመካኒኩ ነገርኩት። «መፍታቱንማ ማንም ይፈታል» አለኝ። «ስትገጥም ግን ጥርሶቹ ላይ ያለውን ነጥብ ከነጥብ ካላገናኘህ ቫልቩ ከፒስተኑ ይጋጫል። ያኔ የምትፈልገው ካምሻፍት ሳይሆን ሞተር ነው።»

ሌላ ሰው ይህን ሲሰማ ይፈራል። እኔ እልክ ያዘኝ።

ከጋራዡ አጠገብ አንዲት የወሎ ሴት ሻይ ቤት አላት። እዚያ ተቀምጬ አዳማ ላለው ሹፌር ጓደኛዬ ደወልኩ። እንደ ማንኛውም ሹፌር መኪናዬን «እሷ» ነው የምላት፤ ጓደኛዬም ስለ ማን እንደማወራ ያውቃል። ኔትወርኩ ስለሚቆራረጥ ደግሞ እጮኻለሁ።

«ወሰንኩ! ነገ ጠዋት እፈታታለሁ! ... እፈታታለሁ ነው የምልህ! ... ኧረ በቃኝ! ድምጿ ከተለወጠ ቆየ። ጠዋት ጠዋት ይብስባታል። ዳገት ላይማ ትንፋሽ ያጥራታል። እያየሁ እንዴት ዝም እላለሁ? አርጅታለች። ከአዳማ አዲስ ላክልኝ!»

ከጎኔ ሻይ የሚጠጡ አንድ የአፋር ሽማግሌ ነበሩ። በዚያ መንገድ ስመላለስ ስለምንገናኝ እኔንም ያውቁኛል፤ ሚስቴ አዋሽ ላይ ሱቅ እንዳላትም ያውቃሉ። አፋሮች ዳጉ የሚሉት ነገር አላቸው፤ ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ይነጋገራል፣ ከዚያ እያንዳንዱ ለሚቀጥለው ሰው ያደርሳል። ዳጉ ላይ መጨመርም መቀነስም ነውር ነው። ሽማግሌው አንዲት ቃል አልጨመሩም። ጉዴን ያፈላውም ይኸው ነው፤ ቢጨምሩበት ኖሮ ውሸት ነው ብዬ እከራከር ነበር።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ወሬው ከሰው ወደ ሰው እየተሻገረ በማግስቱ አዋሽ ገባ። መኪናዬ በደህና ዘመኗ እንኳን እንደዚያ ሮጣ አታውቅም።

እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። በሦስተኛው ቀን ራዲያተሩን አውርጄ፣ የላዩን ክዳን ከፍቼ፣ ቡሎኖቹን በድልህ ጣሳዎች ለይቼ፣ የትኛው ጣሳ የየትኛው እንደነበር ጠፍቶብኝ ቆሜያለሁ። ሎጊያ ላይ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ብረት በባዶ እጅ አይነካም፤ ጨርቅ ጠቅልዬ ነው የምይዘው። በዚህ መሃል አንድ ሚኒባስ ቆመ። የሰፈራችን ሼህ ወረዱ። ቀጥሎ የሚስቴ አጎት። ከኋላቸው ሚስቴ፣ ትንሽ ቦርሳ ይዛ።

ሰው የሞተ መሰለኝ። «ግቡ፣ ጥላ ውስጥ ተቀመጡ» ብል ሁለቱ ሽማግሎች እንቢ አሉ።

«እሺታህን ሳንሰማ አንቀመጥም» አሉ ሼሁ፣ ላባቸው በጺማቸው እየወረደ። «በስልክ የማይሸመገል ነገር ነውና ደጅህ መጥተናል። አንድ ነገር ብቻ ንገረን፤ ፈትተሃታል ወይስ ገና ነህ?»

ይህን ለመጠየቅ ከአዋሽ ድረስ መምጣታቸው ገረመኝ። «ግማሹን ፈትቻለሁ» አልኩ።

«ግማሽ?! በየትኛው ኪታብ ነው ግማሽ ፍቺ ያየኸው?»

«የላዩን ጨርሻለሁ፣ የፊቱ ቀርቶኛል።»

«አስተግፊሩላህ!»

አጎቷ ቀረብ አሉኝ። «አብሽር ልጄ፣ ቁጣ ያልፋል። ለመሆኑ ምን አጠፋች?»

«በሰዓቱ አትከፍትም» አልኩ፣ ስለ ቫልቩ።

አጎቷ ዞረው ሚስቴን አዩዋት። «በሩን ነው?»

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ዘይት የጠጣ እጄን ዘርግቼ ሞተሩን አሳየኋቸው። «እሷን እኮ ነው! መኪናዋን!»

ሼሁ እንደ ቆሙ ሳቁ። አጎቷ መሬት ላይ የተጋደመ ጎማ ላይ ተቀምጠው እስኪያነቡ ሳቁ። መካኒኩ ከሥራው ተነስቶ መጥቶ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ሚስቴ ግን አልሳቀችም።

«መኪናዋን ነው?» አለችኝ።

«መኪናዋን ነው። ወላሂ መኪናዋን ነው።»

«ያልከውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገሩኝ» አለች። «እፈታታለሁ ማለትህን ስሰማ ብዙም አልደነገጥኩም፤ መች ቤት ትውላለህና። አርጅታለች ማለትህንም ቻልኩት። ግን ድምጿ ተለውጧል፣ ጠዋት ጠዋት ይብስባታል፣ ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥራታል ብሏል ሲሉኝ ... ለካ ያየኛል አልኩ። መንገዱን ሙሉ ደስ ብሎኝ ነው የመጣሁት። ልትፈታኝ እንደሆነ እያወቅኩ፣ ደስ ብሎኝ።»

ሽማግሎቹ ሳቃቸውን አቆሙ። አፈርኩ፤ እንዲህ ያለ ኀፍረት ከዚያ በፊትም በኋላም ይዞኝ አያውቅም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት በመጨረሻ።

«ከረመዳን በፊት ጀምሮ።»

አረፋ ካለፈ ሳምንት ሆኖት ነበር። በነዚያ ወራት ስንት ጊዜ ቤት አድሬ ወጥቻለሁ።

ሞተሩን ከነጣሳዎቹ ለመካኒኩ ተውኩለት። በፈለገው ቀን ይጀምር፣ በፈለገው ቀን ይጨርስ አልኩት። ሽማግሎቹን ሻይ ቤቷ ጥላ ሥር አስቀምጬ፣ ባጃጅ ጠርቼ ሚስቴን ወደ ሰመራ ሐኪም ቤት ይዣት ሄድኩ። ባጃጁ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሁለቴ አሳላት። ደረቅ ሳል ነው፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ የሚያፏጭ። ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር።