ጋሽ መኮንንን ያልመዘንኩበት በረራ

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ አውሮፕላን አላስነኩኝም። የበረራ ኃላፊዋ ሊንዳ አካፋና ሚዛን ሰጥታኝ፣ «የምትጭነውን ሁሉ መዝን፤ ሰውም ቢሆን» አለችኝ። ያለሁት አላስካ ነው፤ ውሾች ጋሪ በበረዶ ላይ እየጎተቱ ብዙ ቀን የሚጓዙበት ውድድር ሊጀመር ነው። ከለንደን እየተነሳሁ ሃያ ዓመት የጭነት አውሮፕላን ያበረርኩ ሰው፣ በዓመት ፈቃዴ ከዌምብሊ ድረስ መጥቼ በነፃ በረዶ ልዝቅ! ተናደድኩ።

በማግስቱ አንዲት ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ሰጡኝ። በጎማ ፈንታ መንሸራተቻ ተገጥሞላታል። ጠዋት ሞተሯን በማሞቂያ ለአንድ ሰዓት ያህል ካላሞቋት አትነሳም። የውሻ ምግብና ገለባ ወደ ማረፊያ ጣቢያዎቹ አደርሳለሁ፣ ስመለስ የደከሙና የታመሙ ውሾችን ወለሉ ላይ በአጭር ገመድ አስሬ አመጣለሁ። በመጀመሪያው በረራ አንዱ ጃኬቴ ላይ አስታወከብኝ።

እዚህ ጣጣ ውስጥ የከተቱኝ ጋሽ መኮንን ናቸው፤ እዚያው ለንደን፣ ሃክኒ የሚኖሩ ጡረተኛ የእንስሳት ሐኪም። በውድድሩ ውሾቹን በፈቃደኝነት ያክማሉ። ቤቴ መጥተው «አንተ፣ ሆሊደይህን ሶፋ ላይ ከምትጨርሰው አፕላይ አድርግ እንጂ!» አሉኝ። አባቴን ለሚያክሉ ሰው እምቢ ማለት አልችልበትም፤ ፎርሙን ሞላሁ።

በሦስተኛው ዓመት፣ ሐይቅ ዳር ባለ ጣቢያ አንዲት ውሻ ሳንባ ምች ያዛት። ኦክስጅን ያለው በአየር አርባ ደቂቃ በሚያስኬደው ዋና ጣቢያ ነው። ባለቤቷ ጓንቷን አውልቃ ጭንቅላቷን እየዳበሰች ታለቅሳለች። ጋሽ መኮንን ውሻዋን ይዘው ሊሳፈሩ አንድ ትልቅ ሳጥን እያስጎተቱ መጡ።

«ጋሼ፣ ሳጥኑ ስንት ኪሎ ይሆናል?»

«ኧረ ቀላል ናት! መድኃኒት ነው።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ ያው እንደምታየኝ ነኝ።»

እንደማያቸው! ያን ሁሉ ካፖርት ደራርበው ምን ይታየኛል? ሚዛኑ እግሬ ሥር ነበር። ሽማግሌ ሰው ካፖርት አስወልቄ ሰው ፊት ልመዝን? ይሉኝታ ያዘኝ። በግምት ጽፌ ሞተር አስነሳሁ።

አውሮፕላኗ የምትንደረደርበትን የበረዶ ሐይቅ ልትጨርስ ምንም አልቀራት፣ ከበረዶው አልላቀቅ አለች። ጥዶቹ ፊቴ ተደቀኑ። ሞተሩን ቀነስኩ፤ ከዛፎቹ ሠላሳ እርምጃ ሲቀረን ቆመች። ጋሽ መኮንን «ምነው?» አሉኝ።

ተመልሰን መዘንን። እሳቸው ከገመትኩት አሥራ አምስት ኪሎ በለጡ። ሳጥኑን ስከፍት ከላይ መድኃኒት፣ ከሥር ድርቆሽ፣ በሶና ሽሮ ጢም ብሎበታል።

«ይሄ ምንድን ነው፣ ጋሼ?»

«ስንቅ ነዋ! የእነሱን ሾርባ ስጠጣ ልክረም?»

ሳጥኑን በረዶው ላይ ጥዬ ተነሳን።

ልናርፍ ጥቂት ሲቀረን ጋሽ መኮንን እጃቸውን ከውሻዋ ደረት ላይ አነሱ። ውሻዋ መተንፈስ አቁማለች። ታች የጠበቀችን ሐኪም አይታት፣ «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትደርሱ ኖሮ» አለች። ያባከንነው ሃያ ደቂቃ ነው። ለባለቤቷ በሬዲዮ የነገርኳት እኔ ነኝ።

ለንደን ከተመለስን በኋላ ሃክኒ ሄጄ ጋሽ መኮንንን ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ እንዳላስቀይማቸው ፈርቼ እንዳልመዘንኳቸው ነገርኳቸው።

«ሚዛኑ ላይ ውጡ ብትለኝ እኮ እወጣ ነበር» አሉኝ።

አሁን አዲስ ፓይለቶችን የማሠለጥነው እኔ ነኝ። መጀመሪያ የማሳያቸው ሚዛኑን ነው። የሚሳፈር ሰው ሁሉ ይመዘናል፤ የሚቀየም ካለ ይቀየም።