ለእማማ ታይቱ ድንኳን ያስተከለው ፖስተር

ወረታ ውስጥ ዘመነን የማያውቅ የለም። እሱን ባታውቁት እጁን ታውቁታላችሁ። የምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሳለው የዓሣ ጥብስ፣ የፀጉር ቤቷ ቆንጆ፣ ባጃጁ ጀርባ ያለው ጥቅስ፣ ሁሉም የሱ ነው። ሰው ሲሞትም ድንኳኑ ፊት የሚሰቀለውን ምስል በጥቁር መደብ የሚሠራው እሱ ነው። ይቺን ያዙልኝ፤ ጣጣው ከዚህ ነው የመጣው።

አርባ ሊሞላው ነው፤ ሚስት የለውም፣ ከእናቱ ከእማማ ታይቱ ጋር ይኖራል። ሲበዛ ዝምተኛ ነው። እኔ ከሱቁ ፊት ለፊት ሻይ ስለምሸጥ ጎትጉቼ አስወራዋለሁ።

«ለራሴ አንድ ነገር ልሠራ ነው» አለኝ በክረምቱ። «አሥራ አንድ ዓመት ሰው ያዘዘኝን ስስል ኖርኩ። ለራሴ አንድ እንኳ የለኝም።»

ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። ጎቲክ ይባላል አለ፤ ፈረንጆች ጨለማውን፣ ፍርስራሹን፣ የደረቀውን ዛፍ እያስፈራ እንዲያምር አድርገው የሚስሉት።

«ምነው፣ ደስ የሚል ነገር ጠፋ?»

«እኔን ይኸ ደስ ይለኛል።» አለቀ።

ሁለት ወር ፈጀበት። በር በሚያክል ጠንካራ ወረቀት ላይ ፎገራን ሳላት። ርብ ሞልቶ ሜዳው ጥቁር ውሃ ሆኗል፤ የሩዙ ጫፍ ጫፉ ብቻ ይታያል። መሀል ላይ መስኮቱ ቀጭንና ሹል የሆነ፣ ጣሪያው የፈረሰ ግንብ። ደረቅ ዋርካ ላይ ቁራ። ውሃው ዳር ጥቁር የተከናነበች ሴት ቀጥ ብላ ቆማለች። ፊቷን ባየው ቁርጥ እማማ ታይቱ!

«ያውቃሉ?» አልኩት።

«ኧረ ዝም በይ! ሰው ሳይሞትብኝ ከል አለበስከኝ ብላ ትቀደዋለች። ሳትመጣ ጨርሼ ልስቀለው ብቻ።»

እማማ ታይቱ ለጉልበታቸው ወንዛዬ ፍል ውሃ ወርደው ሰንብተዋል። ስልክ አይዙም። ዘመነ ፖስተሩን ጨረሰና፣ ቀለሙ እንዲደርቅ የተዘጋው የሱቁ በር ላይ ሰቅሎ፣ ለክፈፍ የሚሆን ጣውላ ሊገዛ ይፋግ ገበያ ሄደ።

እኔ ያን ጊዜ ወፍጮ ቤት ነበርኩ። የዕድሩ ዳኛ ጋሼ በላቸው በዚያ ሲያልፉ ሥዕሉን አዩ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። በዚያች በሚጎትቷት ድምፃቸው፣ «አይ… ታይቱ! ወንዛዬ… ቀረሽ? ልጁማ… ምስሏን ሰቅሎ… አስከሬን ሊያመጣ ሄዷል» አሉ።

ስመለስ ድንኳን ተተክሏል፣ ንፍሮ ተጥዷል። ሥዕሉን አውቀዋለሁ አይደል? አውቀዋለሁ! ግን ሰፈሩ ሁሉ ሲያለቅስ ማን ያጣራል? እኔም ዱቄቴን አስቀምጬ ደረቴን መታሁ። ሙሾ አውራጇ አምሳል መሀል ገብታ፣

«ደጇ የማይዘጋ ላዘነ፣ ለመጣ፣
ታይቱማ ከተኛች ማን በሩ ላይ ይውጣ»

ስትል ድንጋይ ያስለቅሳል።

ዘመነ ጣውላውን ተሸክሞ መጣ። ድንኳኑን አይቶ ቀጥ አለ። ጋሼ በላቸው አቅፈው «ጽናቱን ይስጥህ፣ ልጄ» አሉት። እኛ ሥዕሉን ለመርዶ የሰቀለው መስሎናል፤ እሱ ደግሞ ለኛ ከወንዛዬ የተነገረን መሰለው። ጣውላው ከትከሻው ወደቀ።

«እማዬን! ሳላሳያት! ደብቄ፣ ሳላሳያት!»

ይቺን ድምፁን እንኳ አስመስዬ አልነግራችሁም።

ይኸኔ አንድ ባጃጅ ድንኳኑ ጥግ ቆመ። እማማ ታይቱ በዱላቸው ተደግፈው ወረዱ፤ ነጠላቸው ገና አልደረቀም።

«ማነው የሞተው? ምነው ሳይነገረኝ?»

ጋሼ በላቸው ባርኔጣቸውን ሁለቴ አዟዟሩ።

«አንቺው ነሽ፣ ታይቱ» አሉ።

ዘመነ እግራቸው ላይ ወድቆ ጉልበታቸውን ይስማል። እሳቸው ግን ዓይናቸው በሩ ላይ ነው። ቀስ እያሉ ሄደው ሥዕሉ ፊት ቆሙ።

«ማነው ይቺን የሳላት?»

«እኔ ነኝ፣ እማዬ። ከፈለግሽ ቅደጂው።»

እጃቸውን ሰደዱ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። የመቀደድ ድምፅ ሳጣ ገለጥኩት፤ በጣታቸው የሴትየዋን ጉልበት እየዳበሱ ነው።

«ዱላዬስ?»

«አልሳልኩትም።»

«ስምንት ቀን ሙሉ ፍል ውሃ ተዘፍዝፌ ያልቃናልኝን ጉልበት አንተ አቃናኸው?» «ይሰቀል። ስሞትም ያንን ሌባ የሚያስመስለኝን የመታወቂያ ፎቶ እንዳታወጡብኝ። ይኸንን ነው።»

ከዚያ ዞረው፣ «አምሳል! ምን ብለሽ ነበር? እስቲ ድገሚልኝ።»

አምሳል በነጠላዋ አፏን ሸፍና ደገመችው።

«የማን ደጅ ነው የማይዘጋው?»

የተዘጋ ደጃቸውን ሲያንኳኳ ውሻቸው የነከሰው ሁሉ ሳቀ፤ ይኸ ማለት ሰፈሩ በሙሉ።

ንፍሮው ደርሶ ስለነበር ተበላ፤ እሳቸውም በሉ። ዘመነ ክፈፉን እዚያው ድንኳኑ ሥር መታ። ሲጨርስ እማማ ታይቱ ዱላቸውን ለኔ አስያዙና ሥዕሉ አጠገብ እንደሷ ቀጥ ብለው ቆሙ። ትንሽ ዘመም ብለዋል። ዱላቸውን ግን አልጠየቁኝም።