ፕሮፌሰሩ የዘገኑት ቆሎ

ትናንት እዚህ ጄኔቭ፣ ፓኪ ሰፈር ካለው የሐበሻ ሱቅ አንድ ከረጢት ቆሎ ገዛሁ። አውቶቡስ ውስጥ ስከፍተው የተቆላ ገብስ ሽታ አወደኝ፤ ሽንብራው ሁሉ ከላይ ተኮልኩሏል። ብቻዬን ሳቅኩ።

ለምን እንደሳቅኩ ከመንገሬ በፊት ግን፣ ልጄ፣ ከማን አፍ እንደምትሰማ እወቅ። እኔ ትምህርቴን በወጉ አልጨረስኩም። ፈረንሳይኛን ከጋዜጣ፣ ጀርመንኛን ከባቡር ጣቢያ ማስታወቂያ፣ ፊዚክስን ደግሞ ከቤተ መጻሕፍት ራሴን አስተማርኩ። በሰፈራችን በኦኔ «ሊቁ» ተብሎ ሲጠራ ከእኔ በቀር ዞር የሚል የለም። ፍሪጅ ሲበላሽም፣ ክርክር ሲነሳም የምፈለገው እኔ ነኝ። ጉራ አይደለም፤ እውነት ነው።

ያሳቀኝ ነገር ሲሆን ገና ወጣት ነበርኩ፤ ፓኪ አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጥባለሁ። ዙሪክ የምትማር አንዲት ልጅ ቅዳሜና እሁድ ኦኔ አክስቷ ዘንድ ትመጣ ነበር። ጥናቷ ስለ አሸዋና ስለ እህል፣ ስለ አረፋና ስለ ጭቃ ነው። «እንደ ውሃ ይፈስሳሉ፣ እንደ ድንጋይ ይቆማሉ» ትለኝ ነበር። «አንዷን ፍሬ ብቻ ብትከተል ትጠፋብሃለች፤ የብዙዎቹ ጠባይ ግን በስሌት ይያዛል።» ስታስረዳኝ እጆቿ እንደ ወፍ ይበርራሉ። እጆቿን እያየሁም ቢሆን ሁሉም ገብቶኛል።

የትምህርት ድጎማዋ እያለቀ ነበር። ፕሮፌሰሩ ለዶክትሬት ካልተቀበሏት የመኖሪያ ፐርሚቷ አይታደስም፤ አገሯ ትመለሳለች፤ እኔም ከአንሶላዬ ጋር እቀራለሁ። እሳቸው ደግሞ «ምን ማጥናት እንደምትፈልጊ መጥተሽ በተግባር አሳይኝ» ብለዋታል። ሽንብራ ከጠርሙስ ሥር፣ ምስር ከላይ አድርጋ ስትነቀንቀው ሽንብራው ሽቅብ እንደሚወጣ ልታሳያቸው ወሰነች።

በቀጠሮው ማለዳ ባቡር ስንሳፈር ዕቃዋን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። አክስቷ ምስሩን በድስት አድርገው፣ በፎጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። ይከብዳል፤ በዚያ ዕድሜዬ ግን ክብደት የሚባል ነገር አላውቅም ነበር። ሐይቁ በመስኮቱ በኩል ያብለጨልጫል። እሷ ጥፍሯን ትበላለች።

«አንተ ደግሞ ምን ያስቅሃል?»

«ስለምታልፊ ነዋ።»

«ፈታኙ አንተ ነህ?»

«ብሆንማ ገና ከጄኔቭ ሳንነሳ አልፈሽ ነበር።»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ትከሻዋ ግን ሲስቅ አየሁት።

የፕሮፌሰሩ ክፍል የጠመኔና የወለል ሰም ሽታ ነበረው። ድስቱን ስትከፍት ምስሩ ርሷል፣ አብጧል። አክስቷ ጎሕ ሳይቀድ ለቅመው፣ አጥበው፣ አጥልለው ኖሯል፤ ለትልቅ ሰው ያልታጠበ እህል አይቀርብማ! ሌላ ምስር አልነበረንም። ሽንብራውን ከሥር አድርጋ ምስሩን ጨመረችበትና ነቀነቀች። ክንዷ እስኪዝል ነቀነቀች። ምስሩ እንደ ጭቃ ተያይዞ ቆመ፤ አንዲት ሽንብራ ንቅንቅ አላለችም። ፕሮፌሰሩ ሰዓታቸውን አዩ።

«አለቀልኝ» አለች በአማርኛ።

አክስቷ ለመንገድ ብለው ቆሎ በጠርሙስ ሰጥተውኝ ነበር። ከካፖርቴ ኪስ አወጣሁት። ሐበሻ ደግሞ ቆሎ ከፍቶ ብቻውን አይቆረጥምምና ለፕሮፌሰሩ ዘረጋሁላቸው፤ «ይዝገኑ።» ዘገኑ። የወጣላቸው ሽንብራ ነው። ጠርሙሱን ወዝወዝ አድርጌ ደገምኩላቸው፤ አሁንም ሽንብራ። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱና ጠርሙሱን ትክ ብለው አዩት።

«ሽንብራውን ሆን ብለህ ነው ከላይ ያደረግኸው?»

«ራሱ ነው የሚወጣው» አልኩ በዚያ ባማረ ጀርመንኛዬ። «እኛ አገር ይህን የማያውቅ ልጅ የለም፤ ለዚህ ነው የምንሻማው።» ወደ እሷ ዞሬም በአማርኛ «በይ እንግዲህ፣ አፍሽን ክፈቺ!» አልኳት።

ነቃች። ሁለቱን ጠርሙሶች ጎን ለጎን አቆመች። «ደረቁ ሲነቀነቅ ትንንሹ ፍሬ በክፍተቱ ሾልኮ ይወርዳል፤ ትልቁ መግቢያ ስለሚያጣ ሽቅብ ይገፋል። እርጥቡ ላይ ግን ውሃው በፍሬና በፍሬ መካከል ቀጭን ድልድይ ሠርቶ ያያይዛቸዋል። ምን ያህል እርጥበት ሲኖር ነው መለያየታቸው የሚቆመው? ማጥናት የምፈልገው ይህንን ነው።»

ባቡር ውስጥ ያልነበረ ጥያቄ ነው፤ እዚያው ነው የተወለደው። ፕሮፌሰሩ እየቆረጠሙ «እንግዲያው ይህንኑ አጥኚ» አሉና እጃቸውን እንደገና ወደ ቆሎዬ ሰደዱ።

ማታ ኦኔ ስንደርስ አክስቷ በር ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር።

«እንዴት ሆነ?»

«አለፍኩ፣ እትዬ። ምስሩ በመታጠቡ ነው።»

«አላልኩሽም? ፈረንጅ ንጽሕና ይወዳል!»

ቆሎውን ያወጣሁት አስቤበት ነው። እሷ እስከ ዛሬ፣ «ጨንቆት ሊቆረጥም አወጣው፤ ብቻውን መብላት ሲያፍር ጊዜ ዘረጋላቸው» ትላለች። ትበል።

እንግዲህ ቁጠርልኝ። ያቺን ልጅ እዚህ አገር አስቀርቻታለሁ። አንድ የስዊስ ፕሮፌሰር ቆሎ መሻማት አስተምሬአለሁ። የዶክትሬት ጽሑፏ ምስጋና ላይ ስሜ አለ፤ ከአክስቷ ስም ቀጥሎ ቢሆንም አለ። አግብቻታለሁ፤ እሷ «እኔ ነኝ ያገባሁህ» ብትልም። ልጆች አሳድገናል፤ አንዳቸውም ምስር አይወዱም። ክንዷ ታሞ ወደ ላይ አልነሳ ካላት ወዲህ ደግሞ ጸጉሯን መጎንጎን ችያለሁ፤ ማንም አላስተማረኝም። ዛሬ ጠዋት መስታወት ፊት አዟዙራ አየችው።

«ጠማማ ነው» አለች። አልፈታችውም ግን።